ቀለሜዎች በእንጨት ሰዎች ለምን ይስቃሉ?

የማስተርስ ዳታዬን የማቀነባብርበት ወቅት ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ዶርሙ ጸጥ ብሏል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም ውጤት አግኝቻለሁ። ጥናቴ በሕፃናት የደም ማነስ ላይ ነበር። መጠይቁ ላይ የቤቱን ኑሮ የሚጠይቁ ሀያ ነገሮች ነበሩ፦ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ መሬቱ ስንት ነው፣ ከብት አለ ወይ፣ ሬዲዮ አለ ወይ፣ ብቻ ብዙ። አንድ በአንድ ከደም ማነሱ ጋር እያገናኘሁ ፈተንኳቸው። አሥራ ዘጠኙ ምንም። ሬዲዮው ላይ ግን ፒ ቫልዩው (ምንም ግንኙነት በሌለበት እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የበረታ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል) 0.03 ወጣ፤ በተለምዶ ከ0.05 ካነሰ «ግንኙነት አለ» ይባላል።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሬዲዮ ያለው ቤት የጤና ትምህርት ይሰማል፣ ትምህርቱን የሰማች እናት ለልጇ ጎመንና ምስር ታበላለች፣ ጎመንና ምስር የበላ ልጅ ደሙ አያንስም፣ እያልኩ። ጽሑፉን ስታቲስቲክስ ለሚያጠና ጓደኛዬ ላክሁለት። ጠዋት ስነሳ አንድም ቃል አልመለሰም። ኤክስኬሲዲ (xkcd) ከሚባል የኢንተርኔት ኮሚክ፣ ማለትም በስዕል ከሚነገር ቀልድ፣ የተወሰደ አንድ ምስል ብቻ ልኳል።

ምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች ፊት የላቸውም። ክብ ጭንቅላት፣ አንድ መስመር ሰውነት፣ አራት መስመር እጅና እግር። ልጅ እያለን ደብተር ጀርባ ላይ የምንስላቸው የእንጨት ሰዎች ናቸው። አንዷ ጄሊ ቢን የሚባለው ባለቀለም ከረሜላ ብጉር ያመጣል ብላ ትመጣለች። ሳይንቲስቶቹ ይመረምራሉ፣ ግንኙነት የለም ይላሉ። እሺ፣ ግን አንዱ ቀለም ብቻ ነው አሉ የሚያመጣው፣ ይባላሉ። ከዚያ ሀያ ትንንሽ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ሐምራዊው፣ ግንኙነት የለም። ቡናማው፣ የለም። ሮዙ፣ የለም። እንዲህ እያለ ይሄድና አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ግንኙነት ተገኘ። የመጨረሻው ሳጥን የጋዜጣ የፊት ገጽ ነው፤ አረንጓዴ ጄሊ ቢን ብጉር እንደሚያመጣ በትልልቅ ፊደል ያውጃል።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሬዲዮዬ አረንጓዴው ከረሜላ ነበር።

ሒሳቡን ሠራሁት። ምንም ግንኙነት በሌለበት፣ አንድ ፈተና በአጋጣሚ ብቻ «አለ» የማለት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። «የለም» የማለቱ 95 በመቶ። ሀያ ፈተና ሲሆን ሀያውም «የለም» የማለታቸው ዕድል 0.95 በራሱ ሀያ ጊዜ ተባዝቶ የሚመጣው ነው፣ 0.36 አካባቢ። ስለዚህ ፈተናዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዙ፣ ባዶ ዳታ ይዤ እንኳን ቢያንስ አንድ «ግኝት» የማግኘት ዕድሌ 64 በመቶ ነበር! መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቦንፈሮኒ በሚባለው ዘዴ 0.05ን ለሀያ ታካፍላላችሁ፣ መለኪያችሁ 0.0025 ይሆናል። የእኔ 0.03 እዚያ አይደርስም። ሁለቱን ገጽ ሰረዝኩ። ዲፌንስ ላይ አንዱ ፈታኝ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ስንት ፈተና እንደሠራሁ ነበር፣ መልሱ በእጄ ነበር።

ይህን ነገር በክፍል ተምሬዋለሁ። ኮርሱን አልፌያለሁ፣ ፎርሙላውንም አውቀው ነበር። አጥንቴ ውስጥ የገባው ግን በዚያ ስዕል ነው። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ሳይንስ የምታጠኑ፣ ኮድ የምትጽፉ፣ ወይም የምታስተምሩ ከሆናችሁና እነዚህን ኮሚኮች የልጅ ነገር ብላችሁ ከተዋችኋቸው ብዙ ነገር እያመለጣችሁ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የኮሚኩ ስም፣ ኤክስኬሲዲ፣ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፣ የምንም ምሕፃረ ቃል አይደሉም። የሚሠራው ራንዳል መንሮ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ፊዚክስ ተምሮ ቨርጂኒያ ባለው የናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል ሮቦቶች ላይ ይሠራ ነበር። በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በተማሪነቱ ደብተሮቹ ላይ የሳላቸውን ስዕሎች ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ጀመረ። በ2006 ከናሳ ወጣና ኮሚኩ መተዳደሪያው ሆነ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ አዲስ ይወጣል። ኔትወርክ ለሚያስቸግረን ሰዎች ደግሞ ጥሩ ነገር አለው፤ ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ መስመር ብቻ ስለሆኑ ቶሎ ይከፍታሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ቀልዱ ተፈትሾ ልክ መሆኑ ነው። ተራ ቀልድ አጋኖ ያስቃል። ይኼኛው ካልኩሌተር አውጥታችሁ ስታሰሉት ይገጥማል።

በ2011 የወጣውን የፓስወርዱን ኮሚክ ውሰዱ። በአንድ በኩል ሰው ሁሉ የለመደው ዓይነት ፓስወርድ አለ፦ አንድ ያልተለመደ ቃል፣ ኦውን በዜሮ የለወጠ፣ መጨረሻው ላይ ቁጥርና ምልክት የጨመረ። በሌላው በኩል በዕጣ የወጡ አራት ተራ ቃላት። መንሮ የመጀመሪያውን 28 ቢት፣ ሁለተኛውን 44 ቢት ብሎ ይገምታል፤ ቢት ማለት ሌባው የሚሞክራቸው አማራጮች ብዛት ሁለት በራሱ ስንት ጊዜ ተባዝቶ እንደሚመጣ ነው። በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ የሚሞክር ሌባ የመጀመሪያውን በሦስት ቀን፣ ሁለተኛውን በ550 ዓመት ይጨርሰዋል ይላል። እኔ አላመንኩም። አሰላሁት። ሁለት በራሱ 28 ጊዜ ሲባዛ 268 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለአንድ ሺህ ሲካፈል 268 ሺህ ሰከንድ፣ በትክክል ሦስት ቀን ከምናምን። 44ቱም እንዲሁ፣ 557 ዓመት ወጣልኝ። ያን ቀን ምሳዬን ረስቼ ፓስወርዶቼን ስቀይር ነበር የዋልኩት። እናንተም ስትቀይሩ አንድ ነገር አትርሱ፤ ቃላቱ በእውነት በዕጣ መውጣት አለባቸው። ከዘፈን ግጥም ወይም ከምሳሌያዊ ንግግር የተወሰዱ አራት ቃላት ዕጣ አይደሉም።

ሁለተኛው ምክንያት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለሚነግረኝ ነው። አንድ ጊዜ የተማሪዎችን ውጤት ለየብቻ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ በስሙ አንድ ፋይል። እኔ ጋ በደንብ ሠራ። ትክክለኛው ስም ዝርዝር ሲገባበት ግን ቆመ። ደግሜ አስጀመርኩት፣ ደግሞ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። ጥፋቱ የተገኘው ገ/መድህን የሚል ስም ላይ ነው። ያቺ ዘንበል ያለች መስመር ለእኛ «ገብረ» የሚለውን ማሳጠሪያ ናት። ለኮምፒውተሩ ደግሞ የፎልደር መለያ ናት። ስለዚህ «ገ» የሚል ፎልደር ውስጥ ገብቶ «መድህን» የሚል ፋይል ሊያስቀምጥ ሲሞክር፣ ፎልደሩ የለም፣ ይወድቃል። ወ/ገብርኤልም፣ ኃ/ማርያምም፣ ተ/ሃይማኖትም ተራቸውን እየጠበቁ ነበር።

ይህ ከሆነ በኋላ ነው የ2007ቱን የእናትየዋን ኮሚክ ያየሁት። ትምህርት ቤት ለአንዲት እናት ይደውላል፣ ኮምፒውተራችን ተበላሸ ይላታል። ለካ እናትየው የልጇን ስም ስታወጣ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ የተማሪዎችን መዝገብ በሙሉ የሚሰርዝ ትእዛዝ አድርጋ ነው ያወጣችው። የዓመቱ መዝገብ ጠፍቷል። እሷም ከእንግዲህ ሰው የሚያስገባላችሁን ነገር ሳታጣሩ አትቀበሉ የሚል ምክር ትሰጣቸዋለች። አነበብኩትና ከወንበሬ ተነሳሁ። የእኔ ገ/መድህን የዚያ ልጅ የአጎት ልጅ ነው። ሌላ አገር ያለ፣ የማያውቀኝ ሰው፣ እኔ ሁለት ቀን ያለቀስኩበትን ነገር በአራት ሳጥን ስሎታል። ሥራችሁን ቤተሰብ ባይረዳው፣ ጓደኛ ባይረዳው፣ ቁጭ ብላችሁ አንዲት ምልክት ስትፈልጉ መዋላችሁን ለማንም ማስረዳት ቢያቅታችሁ፣ ይህ ስሜት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ታውቁታላችሁ።

አያቴ ቅኔ አዋቂ ነበሩ። ጥሩ ቅኔ ሲሰሙ ወዲያው አይስቁም። ትንሽ ዝም ይላሉ፣ ዓይናቸው ይጠባል፣ ከዚያ ከሰው ሁሉ ኋላ «አይ!» ብለው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ወርቁን ፈልጎ የማግኘቷ ያቺ ዝምታ ነበረች ደስታቸው። እኔም ኤክስኬሲዲ ሳነብ ያቺን ዝምታ አገኛታለሁ። እንዲያውም ኮሚኩ ራሱ ድብቅ ነገር አለው። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ምስሉ ላይ ስታሳርፉት ሌላ ጽሑፍ ብቅ ይላል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ለስልክ በተሠራው ገጽ ጽሑፉን የሚያወጣ መጫኛ አለ። ብዙ ጊዜ ወርቁ እዚያ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሙን ብቻ ሳነብ ኖሬያለሁ፣ እናንተ ከመጀመሪያው ቀን አንብቡት።

ግን ይኼ ነገር ጥሩ ያልሆነ ጎንም አለው።

በ2008 የወጣ አንድ ኮሚክ አለ። የሙያ ዘርፎች በ«ንጽሕናቸው» ደረጃ ተሰልፈዋል። ሶሲዮሎጂ የተተገበረ ሳይኮሎጂ ነው፣ ሳይኮሎጂ የተተገበረ ባዮሎጂ፣ ባዮሎጂ ኬሚስትሪ፣ ኬሚስትሪ ፊዚክስ። የሂሳብ ሰውዬው ከሁሉ ርቆ ቆሞ አላየኋችሁም ነበር ይላቸዋል። እኔ ይህን ሶሲዮሎጂ ለምታጠና ጓደኛዬ ላክሁላት። እኛ አገር አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ናቹራልና ሶሻል ተብለን ከተከፈልን ጀምሮ ያለውን መናናቅ ታውቁታላችሁ። እሷ አልሳቀችም። «መጠይቅህን ማን ነው ያስተካከለልህ?» ብላ ጻፈችልኝ። እሷ ነበረች። ሬዲዮ አለ ወይ ብለህ ብቻ ከጠየቅህ ባልየው ይዞት ይወጣል፣ ማን ይሰማዋል ብለህ ጠይቅ ያለችኝ እሷ ነበረች፣ እኔ ግን አልሰማኋትም። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ በኋላ ቀልዱን ከመላኬ በፊት ማን ላይ እንደሚያርፍ አስባለሁ። ይህ ቀልድ የሚጥመው ገመናን ለሚጋሩ ሰዎች ነው። ሌላውን ደጅ ለማስቀረት ከዋለ ጣዕሙ ይሄዳል።

ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱን ያገኘሁት እዚያው ነው። በ2012 የወጣ፣ አሥር ሺህ የሚል ቁጥር ያለበት ኮሚክ አለ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አዋቂ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሚባል ነገር አለ እንበል። ሲወለድ ማንም አያውቀውም፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ሁሉም ሰምቶታል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት አራት ሚሊዮን ገደማ ሕፃን ይወለዳል። ለ365 ብታካፍሉት፣ በየቀኑ አሥር ሺህ አካባቢ ሰው ያንን «ሁሉ የሚያውቀው» ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል ማለት ነው። ስለዚህ መንሮ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመው አይሳለቅበትም። ዛሬ ከዕድለኞቹ አሥር ሺዎች አንዱ ነህ ብሎ ደስ ብሎት ያሳየዋል።

ይህችን ሳነብ ስንት ጊዜ «ይሄንንም አታውቅም?!» ተብዬ እጄን እንዳወረድኩ ትዝ አለኝ። እኔም ለታናናሾቼ እንደዚያው ብያለሁ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ መጠየቅ ድንቁርናን ማስመዝገብ በሚመስልበት ቦታ ላደግን ሰዎች ይህ ሒሳብ ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። አንዱ ከፊታችሁ ቢቆም ምን ይገርማል? እኔ ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ትቻታለሁ።

ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ተነስታችሁ በተራ አታንብቡ። የመጀመሪያዎቹ የደብተር ስዕሎች ናቸው፣ ብዙዎቹ ምንም አይሏችሁም። ከሙያችሁ ተነሱ። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ፣ የዘመኑ ዲጂታል ዓለም በሙሉ አንድ ሰው ነብራስካ ቁጭ ብሎ ማንም ሳያመሰግነው በሚጠግናት ቀጭን ድጋፍ ላይ ቆሞ የሚታይበትን የ2020ውን ፈልጉ። በ2021 ታኅሣሥ ላይ ሎግፎርጄ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ቀዳዳ ተገኝቶ ዓለም ሲደናገጥ፣ ሰው ሁሉ ያቺን ስዕል ነበር የሚለዋወጣት። ምርምር ላይ ያላችሁ ደግሞ የፒኤችዲ ኮሚክስን ሞክሩ። ሆርሄ ቻም በ1997 ስታንፎርድ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሲያጠና ነው የጀመረው። አማካሪ ኢሜይል አልመለሰም፣ ቴሲሱ አላለቀም፣ ነፃ ምግብ ያለበት ስብሰባ የት ነው፣ እነዚህ ናቸው ጉዳዮቹ። ሒሳብና ፍልስፍና የሚወድ የዛክ ዋይነርስሚዝን ኮሚክ (ኤስኤምቢሲ) ያንብብ፣ ግን አንዳንዱ ለልጆች አይሆንም።

ያልገባችሁ ሲኖር አትለፉት። እያንዳንዱን የኤክስኬሲዲ ኮሚክ አንባቢዎች ተሰብስበው የሚያብራሩበት «ኤክስፕሌይን ኤክስኬሲዲ» የሚባል ገጽ አለ። እኔ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ራሴ እታገላለሁ፣ ከዚያ ነው የምከፍተው። ስለ ቤዝ ቴዎረም (አዲስ መረጃ ሲመጣ ዕድልን እንደገና ስለማስላት)፣ ስለ ሲስተም አስተዳደር፣ ስለ ካርታ ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስለመሳል) መጀመሪያ የሰማሁት በዚህ መንገድ ነው። የካርታውን ለጂኦግራፊ መምህራን እንድታሳዩልኝ እለምናችኋለሁ።

ሌላ የሚጠቅም ልምምድ ልንገራችሁ። በ2012 መንሮ ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደውን ሳተርን አምስት ሮኬት በጣም የተለመዱትን አንድ ሺህ የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ተጠቅሞ አብራራው። «ሮኬት» የሚለው ቃል እንኳ አልተፈቀደለትም። እኔም ጥናቴን እናቴ በየቀኑ በሚናገሯቸው ቃላት ብቻ ለመጻፍ ሞከርኩ። ሄሞግሎቢንን «ደም ውስጥ ሆኖ የምንተነፍሰውን አየር ለሰውነት የሚያደርሰው ቀይ ነገር» አልኩት። «ናሙና» የሚለው ቃል ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። በመጨረሻ «ወጡ መጣፈጡን ለማወቅ በጭልፋ እንደመቅመስ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። እናቴ ሰምተው «እንዴ፣ ሳታማስል ከቀመስክ ግን ከላይ ያለው ዘይት ብቻ ነው የሚመጣልህ» አሉ። ስለ ናሙና አወሳሰድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብቤ እንደዚያ ያለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

የምታስተምሩ ከሆነ ፈቃዱም ቀና ነው። ኤክስኬሲዲ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ነው የሚወጣው። ምንጩን እስከጠቀሳችሁና ለንግድ እስካላዋላችሁት ድረስ ማባዛትም፣ ወደ አማርኛ መመለስም ትችላላችሁ። እኔ የከረሜላውን ኮሚክ ለአንድ ሥልጠና ስወስደው ግን ከመተርጎም ይልቅ ብናደርገው ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ሀያ ሠልጣኞች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ኮምፒውተር በዘፈቀደ ያወጣውን፣ ምንም ትርጉም የሌለው ዳታ ሰጠኋቸው። ለዳታው ስም አወጣሁለት፦ አንዱ ይርጋጨፌ ቡና፣ አንዱ ሊሙ፣ አንዱ ሐረር፣ እንዲህ እያልኩ ሀያ ዓይነት ቡና። ሁሉም የእሱ ቡና ራስ ምታት ያመጣ እንደሆነ እንዲፈትን ነገርኳቸው። ዳታው ባዶ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ሩብ ሰዓት ያህል የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ነበር። አንዱ «የለም» አለ። አንዷ «የለም» አለች። ከዚያ ከኋላ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ «አገኘሁ! ሊሙ! 0.02!» አለ። ክፍሉ ወደ እሱ ዞረ፣ የሊሙ ሰው የሆነ ሠልጣኝ ተቃውሞ ጀመረ፣ ሁሉም እየተንጫጫ እያለ ስዕሉን ግድግዳው ላይ አበራሁት። መጀመሪያ ዝም አሉ። የአያቴን ዝምታ የመሰለ። ከዚያ ነው ሳቁ የመጣው።

ሲበተኑ አንዲት ሠልጣኝ ቀረች። ላፕቶፗን አልዘጋችም። የራሷን የጥናት ውጤት ከፍታ «ግኝት አለ» የሚል ምልክት የሆነው ኮከብ ያለበትን አንድ መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ስንት ቫሪያብል ሞክረሽ ነበር አልኳት።

«ሠላሳ አንድ» አለችና ስልኳን አውጥታ ካልኩሌተሩን ከፈተች።